አጓጓዡ የቆመው በየትኛው በኩል ነው?

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሰሞኑን መልእክት ላከችልኝ። የሴል ሽፋን አጓጓዥ ፕሮቲኖችን ሰንጠረዥ ፎቶ አንስታ «ይሄን ሁሉ እንዴት አድርጌ ልሸምድደው?» ትላለች። ሰንጠረዡን አየሁት። እውነትም ያስለቅሳል። ኤስኤልሲ1፣ ኤስኤልሲ2፣ ኤስኤልሲ3 እያለ በየቤተሰቡ ይወርዳል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ኤ1፣ ኤ2፣ ኤ3 እያለ ይዘረጋል። አጭሩ መልሴ «አትሸምድጂው» የሚል ነበር። ረጅሙ ይኸውላችሁ።

ስለ አንድ አጓጓዥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «የማን ዘር ነው?» የሚለው አይመስለኝም። «የት ነው የቆመው?» ነው። የትኛው አካል ውስጥ፣ የትኛው ሴል ላይ፣ ከሴሉስ በየትኛው ጎን? ይሄን ካወቃችሁ ቤተሰቡን ባታውቁት እንኳ ሥራውን ግማሽ በግማሽ ትገምታላችሁ። ቤተሰቡን ብቻ ካወቃችሁ ግን ብዙ ጊዜ ትሸወዳላችሁ።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። የሴል ሽፋን በአብዛኛው ቅባት ነው። ኦክስጅን በቀላሉ ያልፈዋል። ስኳር፣ ጨው፣ አሚኖ አሲድ፣ አብዛኞቹ ቫይታሚኖችና ማዕድናት ግን ወይ ጨርሶ አያልፉትም፣ ወይ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ሽፋኑን ሰንጥቀው የተቀመጡ ፕሮቲኖች ያሳልፏቸዋል። በሰው ዘረመል ውስጥ ኤስኤልሲ በሚለው ትልቅ ስም የተመዘገቡት ብቻ ከ400 በላይ ናቸው፤ ከ60 በሚበልጡ ቤተሰቦች ተከፋፍለዋል። ኤቢሲ የሚባሉት ደግሞ 48 ናቸው፤ ኤቲፒ የሚባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠሉ ነው የሚሠሩት፤ ሰው ውስጥ ያሉት ሥራቸውም ባብዛኛው ማስወጣት ነው። በዚህ ላይ ኤቲፒ የሚጠቀሙ የጨውና የብረታ ብረት ፓምፖች አሉ። ውሃ የሚያሳልፉ 13 አኳፖሪኖችም አሉ። ቻናሎችን፣ ማለትም ተከፍተው ዝም ብለው የሚያሳልፉትን፣ ዛሬ አልነካቸውም፣ ከአንዱ በስተቀር።

አሁን ትንሹ አንጀት ውስጥ እንግባ። እዚህ ቦታ ብዙ ጊዜ መቆየት እወዳለሁ።

የአንጀት ግድግዳ ሴል ሁለት ጎን አለው። አንዱ ምግቡ ወዳለበት ያያል፣ ሌላው ወደ ደም። ምግቡ ባለበት በኩል ኤስጂኤልቲ1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ይሄ ሁለት ሶዲየም ሲያገኝ አንድ ግሉኮስ አብሮ ይዞ ይገባል። ግን ሶዲየም ለምን ወደ ውስጥ መግባት ይፈልጋል? ምክንያቱም በጀርባ፣ በደም በኩል፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ቆሞ ሌት ተቀን ሶዲየም ያስወጣል። ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፣ አንድ ኤቲፒ ያቃጥላል። እንደገና። እንደገና። በዚህ የተነሳ ሴሉ ውስጥ ሁሌም ሶዲየም ያንሳል። የገባው ግሉኮስ ደግሞ በዚያው በጀርባ በኩል ግሉት2 በሚባል ሦስተኛ ፕሮቲን አድርጎ ወደ ደም ይወጣል።

ልብ በሉ። ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው፣ ከሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች። ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚሄደው አንዳቸው ብቻቸውን ስለሚችሉ አይደለም፤ አንዱ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ስለቆሙ ነው። ኤስጂኤልቲ1ን ወስዳችሁ ጀርባ ላይ ብታቆሙት፣ ፕሮቲኑ ምንም ሳይሆን፣ ምግብ ውስጥ ያለው ግሉኮስ እዚያው ይቀር ነበር።

ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው ይገባሉ የሚለውን ሐሳብ ሮበርት ክሬን በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፕራግ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው ያቀረበው። ፓምፑን ደግሞ ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 አሳውቆ ነበር፤ ከሸርጣን እግር ነርቭ ነው ያገኘው፤ ኖቤሉን በ1997 አገኘ። 40 ዓመት ጠብቆ ማለት ነው።

ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ጨውና ስኳር፣ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኮሌራ የያዘው ሰው አንጀቱ ውሃና ጨው ያፈሳል፤ ኤስጂኤልቲ1 ግን አልተነካም። ስለዚህ ጨውና ግሉኮስ አብራችሁ ከሰጣችሁት፣ ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 ጀምሮ የሚመክሩት ውህድ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ አለው። እኩል መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም። ስኳሩን «ለኃይል ነው» ወይም «እንዲጣፍጥ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አይደለም፤ ሶዲየሙን ጎትቶ እንዲያስገባ ነው።

ኤስጂኤልቲ1 ከልደት ጀምሮ የማይሠራላቸው ሕፃናት አሉ፣ በጣም ጥቂት ናቸው። ገና የእናት ጡት ሲጀምሩ ከባድ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ምክንያቱም የወተቱ ስኳር ሲፈጭ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይሆናል፣ ሁለቱም የሚገቡት በዚሁ ፕሮቲን ነው። ፍሩክቶስ ግን ሌላ መግቢያ አለው፣ ግሉት5። ስለዚህ በፍሩክቶስ የተሠራ ወተት ሲሰጣቸው ተቅማጡ ይቆማል። አንድ ፕሮቲን ጎደለ፣ ሌላው በሥራው ላይ ስላለ ልጁ ተረፈ።

ታዲያ ኮሌራ ውሃውን በምን በኩል ነው የሚያፈሰው? በሲኤፍቲአር። ቻናሎችን አልነካም ያልኩት ከዚህ በስተቀር ነው። ይሄ ፕሮቲን የቤተሰብ ነገር ለሚወዱ ሰዎች ራስ ምታት ነው። በዘሩ ኤቢሲ ነው፣ ማለትም የአስወጪ ፓምፖች ወገን። በሥራው ግን ክሎራይድ የሚያሳልፍ ቻናል ነው። ፓምፕ አያደርግም፣ ተከፍቶ ያሳልፋል እንጂ። የኮሌራ መርዝ ይሄን ቻናል ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ጂኑ ራሱ የታወቀው በ1989 ሲሆን፣ ሲበላሽ የሚያመጣው በሽታ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ነው።

እዚህ ላይ ነው የኔ ክርክር ጉልበት የሚያገኘው። ሲኤፍቲአር ሳንባና ቆሽት ውስጥ ጨውን ወደ ቱቦው ያስወጣል፤ ውሃ ይከተላል፤ ፈሳሹ ይቀጥናል። ሲበላሽ አክታው ይወፍራል፣ የቆሽቱ ቱቦ ይዘጋል። ላብ ዕጢ ቱቦ ውስጥ ግን ያው ፕሮቲን የሚሠራው ግልባጩን ነው። እዚያ ላቡ ወደ ቆዳ ሲወጣ ጨውን መልሶ ወደ ሰውነት ያስገባል። ሲበላሽ ላቡ ጨዋማ ይሆናል። በሽታው የሚመረመረውም በዚሁ ነው፤ በላብ ውስጥ ያለው ክሎራይድ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ያሰጋል። አንድ ፕሮቲን፣ አንድ ጂን፣ አንድ ቤተሰብ፤ አንዱ አካል ላይ ያስወጣል፣ ሌላው ላይ ያስገባል። ሰንጠረዡ ይሄን አይነግራችሁም።

የሶዲየም ፓምፑም እንዲሁ ነው። አንጀት ላይ በደም በኩል እንደሚቆም ከላይ ብያለሁ፤ ኩላሊት ላይም እንዲሁ ነው። አንጎል ውስጥ ግን፣ የአንጎልን ፈሳሽ የሚያመነጨው ኮሮይድ ፕሌክሰስ የሚባለው ክፍል ላይ፣ ፓምፑ የቆመው በተቃራኒው ጎን፣ በፈሳሹ በኩል ነው። ሶዲየሙን ወደዚያ ስለሚገፋ ውሃው ይከተላል፤ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይወጣል። ፓምፑ ያው ነው። ያ ውሃ ሲያስገባ ይሄ ውሃ ያስወጣል።

ወደ ኩላሊት ልሂድ። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራል። በዚያ ውስጥ 180 ግራም የሚጠጋ ግሉኮስ አለ። ጤነኛ ሰው ሽንት ላይ ግን ስኳር የለም ማለት ይቻላል፤ ተመልሶ ተወስዷል። 90 በመቶ ያህሉን የሚመልሰው ኤስጂኤልቲ2 ነው፤ ቱቦው መጀመሪያ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። የተረፈውን ታች ያለው ኤስጂኤልቲ1 ይለቅመዋል፤ ያው የአንጀቱ ማለት ነው።

በ1835 ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን የሚባል ነገር ተለየ። በ1886 ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ይሄ ነገር ሽንት ላይ ስኳር እንደሚያመጣ አሳየ። ታዲያ ለምን ወዲያው የስኳር መድኃኒት አልሆነም? አንዱ ምክንያት ሁለቱን ወንድማማቾች ሳይለይ መዝጋቱ ነው። ኩላሊቱን ስትፈልጉ አንጀቱንም ይነካባችኋል። በዚያ ላይ አንጀት ውስጥ ይበታተናል። ኤስጂኤልቲ2ን ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነገር እስኪሠራ ከ100 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ዳፓግሊፍሎዚን አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው በ2012 ነው። ከዚያ ደግሞ ያልተጠበቀው መጣ። መድኃኒቶቹ ለልብ ድካምም ጠቀሙ፤ በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ስኳር የሌለባቸውም ሕመምተኞች እንደተጠቀሙ አሳየ። ኤስጂኤልቲ2 ልብ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለውም እኮ! ኩላሊት ላይ የቆመ ፕሮቲን ተዘግቶ ልብ ይሻለዋል። እንዴት የሚለው ላይ ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም፤ ከሚባሉት ውስጥ የጨውና የውሃው መቀነስ አንዱ ነው፣ ለኔ ግን እሱ ብቻውን አያጠግበኝም።

ግሉቶችን፣ የግሉት2 ቤተሰብ የሆኑትን የስኳር አጓጓዦች፣ ብዙ ሰው ስለሚያውቃቸው በአጭሩ። ግሉት1 ቀይ የደም ሴልና የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ አለ፣ ግሉት3 የነርቭ ሴሎች ላይ። ግሉት2 ጉበት ላይ ነው፤ ስኳርን የሚይዘው ላላ አድርጎ ስለሆነ የደም ስኳር ከፍ ሲል ብዙ ያስገባል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ጉበት የሠራውን ያስወጣል። ግሉት4 ጡንቻና ስብ ውስጥ ነው፣ ግን ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ ላይ የለም። ሴሉ ውስጥ በትንንሽ ከረጢቶች ተቀምጦ ኢንሱሊን ሲመጣ ነው የሚወጣው። ጡንቻ ሲሠራም ይወጣል፣ ያለ ኢንሱሊን። ስኳር ላለበት ሰው እንቅስቃሴ ከሚመከርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ያው ሴል ውስጥ እንኳ ቦታ ወሳኝ ነው፤ ፕሮቲኑ አለ፣ ግን ከውስጥ ከተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል።

ግሉት1 የጎደለባቸው ልጆች የደም ስኳራቸው ልክ ነው፣ የአከርካሪ ፈሳሻቸው ውስጥ ያለው ስኳር ግን ዝቅ ያለ ነው። አንጎላቸው ጠግቦ በቆመ ደም መሐል ይራባል፤ በጨቅላነታቸው የሚጥል በሽታ ይጀምራቸዋል። በሽታው መጀመሪያ የተገለጸው በ1991 ነው። መፍትሔው ቅባት የበዛበት፣ ስኳርና ስታርች የተቀነሰበት አመጋገብ ነው። ጉበት ከቅባቱ ኬቶን የሚባል የስኳር ምትክ ነዳጅ ይሠራል፤ ኬቶን ደግሞ ወደ አንጎል የሚገባው ኤምሲቲ1 በሚባል ሌላ በር፣ ከሌላ ቤተሰብ ነው።

አሁን አንድ የማፈቅረውን ታሪክ ልንገራችሁ። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መጀመሪያ እንደ ወርቅ ነበር። ሕመምተኛው ይወጋል፣ ኩላሊቱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ አስወጥቶ ይደፋዋል። ከሕመምተኞች ሽንት ለይተው መልሰው የተጠቀሙበት ጊዜ ሁሉ ነበር። ፔኒሲሊኑን ከደም ስበው ወደ ሽንት የሚያስገቡት ኦኤቲ የሚባሉ አጓጓዦች ናቸው፤ የኩላሊት ቱቦ ሴል ላይ፣ በደም በኩል ነው የቆሙት። ቤተሰባቸው ኤስኤልሲ22 ነው። ቆይቶ ፕሮቤኔሲድ የሚባል መድኃኒት መጣ፣ እነሱን ይዘጋል፣ ፔኒሲሊኑ ደም ውስጥ ይቆያል። ጥሩ።

ግን ያው ፕሮቤኔሲድ የሪህ መድኃኒትም ነው። ሪህ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ነው፤ ፕሮቤኔሲድ ዩሪክ አሲዱን በሽንት ያስወጣል። እንዴት ነው አንድ መድኃኒት፣ አንድ ኩላሊት ላይ፣ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን የሚያስወጣው? ዩራት1 የሚባል አጓጓዥ አለ፤ እሱም የኤስኤልሲ22 ልጅ ነው። የቆመው ግን በሽንቱ በኩል ነው፣ ሥራውም ዩሪክ አሲድን ከሽንት መልሶ መውሰድ። እሱን ስትዘጉት ዩሪክ አሲዱ ሽንት ውስጥ ይቀራል። ያው ቤተሰብ፣ ያው መድኃኒት፣ ያው ሴል። ልዩነቱ አንዱ ፊት ሌላው ጀርባ መቆሙ ብቻ። ተማሪ ሆኜ ይሄን ስሰማ ነው ሰንጠረዥ መሸምደድ ያቆምኩት።

በነገራችን ላይ ዩሪክ አሲዱ ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ደም የሚያወጣው ግሉት9 ነው። ስሙን አይታችሁ ስኳር አጓጓዥ መስሏችሁ ነበር አይደል? ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያስበው፣ በ2008 ጥናቶች ዋና ሥራው ዩሪክ አሲድ መሆኑን እስኪያሳዩ ድረስ።

ታይሮይድ ዕጢም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። አዮዲን የሚያስገባው ኤንአይኤስ የተባለው ፕሮቲን የኤስጂኤልቲ1 ዘመድ ነው፣ ያው ኤስኤልሲ5 ቤተሰብ። እንደ ዘመዱ ሶዲየምን ተከትሎ ይሠራል፣ ግን ስኳር አይደለም የሚይዘው። ዕጢው ውስጥ ያለውን አዮዲን ከደሙ ከ20 እስከ 40 እጥፍ ያደርሰዋል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ዋጥ አድርጎ የታይሮይድ ካንሰርን ማከም የተቻለው በዚህ ነው፤ መድኃኒቱ አድራሻውን በራሱ ያውቃል። ያው ፕሮቲን የምታጠባ እናት ጡት ላይም ይወጣል፣ ልጁ አዮዲን እንዲያገኝ። ስለዚህ ለምታጠባ ሴት ይሄ ሕክምና ማጥባቱ ሳይቆም አይሰጥም።

አሁን ወደ አስወጪዎቹ። ፒ-ግላይኮፕሮቲን በ1976 ነው የታወቀው፤ ሩዶልፍ ጁሊያኖና ቪክተር ሊንግ መድኃኒት የማይበግራቸው የሃምስተር ሴሎች ላይ አገኙት። ካንሰር ሕክምናን እንደሚያስቸግር ስለታወቀ ዝነኛ ሆነ፤ ሴሉ የገባበትን መድኃኒት መልሶ ይተፋል። እንግዲያው እንዝጋው ተባለ፣ በርካታ መድኃኒቶች ተሞከሩ፣ ያን ያህል አልሆነም። አንዱ ምክንያት ፕሮቲኑ ካንሰሩ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንጀት ላይ፣ ጉበት ላይ፣ ኩላሊት ላይ፣ እንግዴ ልጅ ላይ፣ የአንጎል ደም ሥር ላይ አለ፤ የትም ቦታ ጥበቃ ላይ ነው።

ጥበቃው ምን ያህል እንደሆነ የታወቀው በአይጦች ነው። ይሄ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተፈጠሩ አይጦች ነበሩ። ጤነኛ ነበሩ፣ ምንም አይታይባቸውም። ከዚያ ቤታቸው ውስጥ ተባይ ገባና እንደ ወጉ አይቨርሜክቲን የሚባል የተባይ መድኃኒት ተረጨላቸው። አለቁ። ሌሎቹ አይጦች ምንም አልሆኑም። መድኃኒቱ የአንጎልን አጥር አልፎ ገብቶባቸው ነው። ጥናቱ በ1994 ታተመ። ኮሊ የሚባሉት የበግ ጠባቂ ውሾችም አይቨርሜክቲን የማይስማማቸው ለዚሁ ነው፤ ብዙዎቹ የዚህ ጂን የተበላሸ ቅጂ አላቸው።

ሎፔራማይድን አስቡት፣ የተቅማጥ መድኃኒት። በተፈጥሮው የሞርፊን ወገን ነው። ግን በሚታዘዘው መጠን ሰው አያሰክርም፤ አንጎል ደጃፍ ላይ ፒ-ግላይኮፕሮቲን መልሶ ይተፋዋል። አንጀት ላይ ብቻ ይሠራል። (መጠኑን ከፍ አድርገው አንጎል ለማድረስ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ልብ ላይ አደገኛ የአመታት መዛባት ያመጣል፣ የሞቱ አሉ። አትሞክሩት።)

ጉበት ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሁለት ነገር ብቻ። በደም በኩል ያለው ኦኤቲፒ1ቢ1 ስታቲኖችን፣ የኮሌስትሮል መድኃኒቶቹን፣ ከደም ስቦ ያስገባል። ይሄ ጂናቸው ደከም ያለ ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማችና ጡንቻ ሊጎዳ ይችላል፤ በ2008 በሲምቫስታቲን ከፍተኛ መጠን ላይ በግልጽ ታይቷል። ሁለተኛው፦ የሐሞት ጨውን ከደም መልሶ የሚያስገባው ኤንቲሲፒ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መግቢያ መሆኑ በ2012 ታወቀ። ቫይረሱ ጉበትን መርጦ የሚያጠቃበት ትልቁ ምክንያት ይሄው ነው፤ በሩ ያለው እዚያ ነው።

ጆሮ ላይም አንድ አለ። ፉሮሴማይድ የሚባለው የሽንት መድኃኒት ኩላሊት ላይ ኤንኬሲሲ2ን ይዘጋል። ታናሽ ወንድሙ ኤንኬሲሲ1 ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ አለ፤ መድኃኒቱ በደም ሥር በብዛትና በፍጥነት ሲሰጥ ጆሮ ሊጮህና መስማት ሊቀንስ የሚችለው እሱም አብሮ ስለሚነካ ነው ተብሎ ይታሰባል። ነርሶች ቀስ አድርገው የሚወጉት በከንቱ አይደለም።

ለመጨረሻ ያቆየሁት መዳብን ነው። መዳብ የሚያስወጡ ሁለት ፓምፖች አሉ፣ ኤቲፒ7ኤ እና ኤቲፒ7ቢ። በአሠራራቸው መንታ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከአሚኖ አሲዳቸው ከግማሽ በላዩ አንድ ነው፣ ሁለቱም ጂኖች የተገኙት በ1993 ነው፣ ሁለቱም ከሴል መዳብ ያስወጣሉ። ታዲያ የመጀመሪያው ሲበላሽ ሰውነት መዳብ ያጣል። ሁለተኛው ሲበላሽ ሰውነት በመዳብ ይመረዛል። አንድ ዓይነት ሥራ፣ ግልብጥ በሽታ!

ምክንያቱ ያው ነው። ኤቲፒ7ኤ አንጀት ላይ አለ። ከምግብ የገባውን መዳብ ከአንጀት ሴል አውጥቶ ለደም ይሰጣል። ሲበላሽ መዳቡ እዚያው አንጀት ሴል ውስጥ ይቀራል፣ አንጎልና ሌላው አካል ይራባል። ይሄ የሜንክስ በሽታ ነው፤ ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ በአብዛኛው ወንድ ሕፃናትን ይይዛል፣ ፀጉራቸው እንደ ሽቦ ተጠማዝዞ ይሰባበራል። ኤቲፒ7ቢ ደግሞ ዋና ቦታው ጉበት ነው። ትርፉን መዳብ ወደ ሐሞት ያስወጣል፣ በዚያም ከሰገራ ጋር ይወገዳል። ሲበላሽ መውጫ የለም፤ መዳቡ ጉበት ውስጥ፣ ከዚያ አንጎል ውስጥ፣ ዓይን ላይም ሳይቀር ይከማቻል፤ ብዙዎች ላይ የዓይን ጥቁሩ ክፍል ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይታያል። ይሄ የዊልሰን በሽታ ነው። ከሕክምናው አንዱ ዚንክ ነው። ዚንክ የአንጀት ሴል መዳብ የሚይዝ ፕሮቲን በብዛት እንዲሠራ ያደርገዋል፤ መዳቡ እዚያው ይታሰርና ሴሉ ሲረግፍ አብሮ ይወጣል። በሌላ አነጋገር የዊልሰን ሕመምተኛ አንጀት ላይ ትንሽ ሜንክስ እየፈጠራችሁ ነው። ይሄን ያሰበ ሰው ጎበዝ ነው።

ተማሪዋ ይሄን ሁሉ ስጽፍላት «እና ፈተናው ላይ የሚመጣው የቤተሰብ ቁጥሩ ቢሆንስ?» አለችኝ። ልክ ናት፣ እሱን አስተማሪዋን ትጠይቅ። እኔ ግን እላለሁ፣ ሰንጠረዡን በቁጥር ሳይሆን በአካል ክፍል መልሳ ትጻፈው። አንድ ገጽ ለአንጀት፣ አንድ ለኩላሊት፣ አንድ ለጉበት፣ አንድ ለአንጎል አጥር። ሴሉን ትሣለው፣ ሁለት ጎን ትስጠው፣ ፕሮቲኖቹን በየጎናቸው ታቁማቸው። ቀስቶቹን ስታሠምር በሽታውም መድኃኒቱም አብሮ ይመጣል።

እና ሌላ ጥቅም አለው። ከነዚህ 400 ከሚበልጡት ውስጥ ምን እንደሚያጓጉዙ እስካሁን በቅጡ ያልታወቁ ብዙ አሉ። እነሱን የሚያሳድዱ ተመራማሪዎች ዘመዶቻቸውን ያያሉ፣ ግን ከግሉት9 እንዳየነው ዘመድ ይዋሻል። የተሻለው ፍንጭ ብዙ ጊዜ ቦታው ነው። ኤምኤፍኤስዲ2ኤ የሚባለው ለዓመታት ሥራው ያልታወቀ ነበር። የአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳ ላይ በብዛት መኖሩ ታየ። አንጎል ደግሞ ዲኤችኤ የሚባለውን የኦሜጋ-3 ቅባት በጣም ይፈልጋል፣ ራሱ ግን በበቂ አይሠራውም፣ ከደም መውሰድ አለበት። በ2014 ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ከአይጦች አጠፉ፤ አንጎላቸው ውስጥ ያለው ዲኤችኤ በጣም ወረደ፣ የአንጎላቸውም መጠን አነሰ። ቅባቱን ለአንጎል የሚያስገባው እሱ ሆኖ ተገኘ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ጭንቅላታቸው በጣም አንሶ የተወለዱ ልጆች ላይ የዚሁ ጂን ብልሽት ታወቀ።